ገቢው ቮልቴጅ ድንገት ሲዘል፦ የአንድ መፈተኛ መሣሪያ ግምገማ

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው መሣሪያ ከውጭ ሲታይ ተራ የጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ ይመስላል። ሥራው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሌላው ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጁን ባለበት ለማቆየት ሲደክም ይህኛው ሆን ብሎ ያናውጠዋል። ከ12 ቮልት ወደ 18፣ ከ18 ወደ 9፣ ካስፈለገም ወደ 4 እያዘለለ ከፊቱ የተሰካው ሬጉሌተር ወይም ኮንቨርተር (ገቢ ቮልቴጅን ወደሚፈለገው ወጪ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ሰርኪት) ድንገተኛውን ለውጥ እንዴት እንደሚሸከመው ያሳያል። እስከ 60 ቮልትና እስከ 10 አምፔር ይሰጣል። አራት ወር ያህል ሠርቼበታለሁ። ኋላ ላይ የማነሣው ቅሬታ ስላለኝ የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ከምለው ነገር አብዛኛው ለዚህ ዓይነት መሣሪያ ሁሉ የሚሠራ በመሆኑም ስሙ ብዙ አይጠቅምም።

ከዚህ በፊት ይህን ፈተና የማደርገው ራሴ በገጣጠምኩት ሰርኪት ነበር፤ ሁለት ፓወር ሰፕላይ፣ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ዳዮድና እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግል አንድ ሞስፌት። ዝቅተኛው ሰፕላይ በዳዮዱ በኩል ይመግባል፤ ሞስፌቱ ማስተላለፍ ሲጀምር ከፍተኛው ሰፕላይ ይረከባል፤ ዳዮዱም በራሱ ይዘጋል። ወደ ላይ ለመዝለል ይህ በቂ ነው። ወደ ታች ለመውረድ ግን ሰርኪቱ ምንም ሥልጣን የለውም፤ ሞስፌቱ ሲዘጋ ተፈታኙ፣ ማለትም የሚፈተነው ሰርኪት፣ በራሱ ገቢ ካፓሲተር (ቻርጅ በሚያጠራቅመው አካል) ላይ የተጠራቀመውን እየበላ ቀስ ብሎ ይወርዳል እንጂ አይዘልም። አዲሱን መሣሪያ ያስፈለገኝ በዋናነት ይህ የወደ ታች መንገድ ነው።

የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ በቅድሚያ መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ይጠራሉ። በዳታሺት (በአምራቹ የቴክኒክ መግለጫ) ላይ ላይን ሬጉሌሽን ተብሎ የሚሰጠው ቁጥር ገቢው ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላ ተለውጦ ሁሉም ነገር ከሰከነ በኋላ የተነበበ ልዩነት ነው። 5 ቮልት እንደሚያወጣው እንደ 7805 ያለ አሮጌ ሬጉሌተር እንኳን ገቢው ከ7 እስከ 25 ቮልት ሲዘዋወር ወጪው በጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ይነቃነቃል። ይህ ቁጥር ስለ መነሻው እና ስለ መድረሻው እንጂ በመካከል ስላለፈው ነገር አይናገርም። እዚህ የምንፈልገው መካከሉን ነው፤ ቮልቴጁ በዘለለባቸው በእነዚያ ጥቂት ማይክሮሰከንዶች ወጪው ምን ያህል ከልኩ ወጣ፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ ወጣ፣ ስንት ጊዜ ተወዛውዞ ስንት ቆይቶ ተመለሰ የሚለውን።

አብዛኛው ሰው የሚለካው የጭነት ዝላይን ነው፤ ማለትም ከወጪው በኩል የሚሳበውን ከረንት ድንገት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ምላሹን ማየት። ቀላል ስለሆነ ይደረጋል፤ አንድ ሬዚስተርና አንድ ሞስፌት ይበቃዋል። የገቢ ዝላይ የሚተወው ስላልጠቀመ ሳይሆን ስለሚያስቸግር ነው፤ ችግሩም በተፈታኙ ደጃፍ ላይ የቮልቴጅን ለውጥ የሚጠላ ካፓሲተር መቀመጡ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። የተፈታኙ ገቢ ካፓሲተር 100 ማይክሮፋራድ ነው እንበል፤ በዚያ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በ1 ማይክሮሰከንድ ውስጥ በ5 ቮልት ከፍ ለማድረግ 500 አምፔር ያስፈልጋል። ጊዜው ወደ 10 ማይክሮሰከንድ ቢራዘም እንኳን 50 አምፔር ይጠይቃል። የመሣሪያው መግለጫ ወረቀት በማይክሮሰከንድ 5 ቮልት እንደሚያዘል ይናገራል፤ ከ10 አምፔር በላይ ግን አይሰጥም። ስለዚህ 1 አምፔር የሚበላ ተፈታኝ ሲሰካ ካፓሲተሩን ለመሙላት የሚተርፈው 9 አምፔር ብቻ ሲሆን፣ 5 ቮልቱ የሚደርሰው ከ55 ማይክሮሰከንድ በኋላ ነው። እኔ በኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅ በጊዜ ውስጥ ሲለዋወጥ በስክሪን በሚያሳይ መለኪያ) የለካሁት 60 ያህል ነበር። ሒሳቡና ልኬቱ ተቀራርበዋል፤ ከሁለቱም የራቀው ስክሪኑ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ በማይክሮሰከንድ 5 ቮልት እያለ በኩራት ያሳያል።

ዋናው ቅሬታዬ ይህ ነው። ስክሪኑም ሆነ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ሶፍትዌር የሚመዘግቡት የታዘዘውን ፍጥነት እንጂ ተፈታኙ ተርሚናል ላይ የደረሰውን አይደለም። ለአምራቹ ጽፌ ጠይቄ ነበር፤ ቁጥሩ ምንም ነገር ሳይሰካ የተለካ ነው የሚል መልስ ሰጡኝ። መልሱ እውነት ነው፤ ምንም ሳይሰካ የሚፈተን ነገር ግን የለም። ሪፖርቱን ከሶፍትዌሩ አውጥቶ በቀጥታ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ባለሙያ ሳያውቅ ሐሰት ይጽፋል።

አንዳንዶች ለዚህ መፍትሔ ብለው ገቢ ካፓሲተሩን ነቅለው ይለካሉ። ነጠላውን ቺፕ ለብቻው ለመመርመር ከሆነ ያስኬዳል፤ ዳታሺት የሚያዘጋጁ ሰዎችም ለመስመራዊ ሬጉሌተሮች ካፓሲተሩን በጣም አሳንሰው ይለካሉ። የተሠራውን ቦርድ ለመፈተን ግን አልስማማበትም፤ ካፓሲተሩ የቦርዱ አካል ነው፤ ዝላዩን ማለዘቡም ከተቀመጠበት ሥራ አንዱ ነው። ስዊች በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ቮልቴጅን በሚለውጥ ስዊቺንግ ኮንቨርተር ላይ ደግሞ ነቅሎ መለካት ጨርሶ ሌላ ዕቃ መለካት ነው። የሚሻለው ካፓሲተሩን በቦታው ትቶ ሁለተኛ ፕሮብ (የኦሲሎስኮፑን መለኪያ ጫፍ) ገቢው ተርሚናል ላይ አስሮ የደረሰውን ፍጥነት ከወጪው ምስል ጎን ለጎን መመዝገብ ነው።

ወደ ታች ሲሆን መሣሪያው ይመሰገናል። ከተፈታኙ ከረንት መልሶ መቀበል ይችላል፤ እስከ 3 አምፔር ድረስ። በዚያው 100 ማይክሮፋራድና በዚያው 1 አምፔር ጭነት፣ በድሮው ሰርኪቴ 5 ቮልት ለመውረድ ግማሽ ሚሊሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ አሁን ወደ 125 ማይክሮሰከንድ ወርዷል። አሁንም ፈጣን ነው አልልም። ሆኖም የወረደበትን ልክ ይዞ ይቆያል፤ የድሮው ሰርኪት ይህን ማድረግ አይችልም ነበር።

መሣሪያው ሁለት አሠራር አለው። አንዱ በአምፕሊፋየር የሚሠራ ሲሆን እስካሁን የገለጽኩት እሱን ነው። ሁለተኛው ከኋላው ትልልቅ ካፓሲተሮች በተደገፉ ሁለት መስመሮች መካከል በሞስፌት የሚቀያይር ነው፤ ለአጭር ጊዜ ከ10 አምፔር በላይ ስለሚለቅ ዝላዩ በእርግጥ ስለታም ነው። በዚህኛው አሠራር መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከሽቦው ነው። ከመሣሪያው ጋር የመጡት ሽቦዎች አንድ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ የዚህ ርዝመት ጥንድ ሽቦ ወደ 1 ማይክሮሄንሪ የሚጠጋ ኢንዳክታንስ (የከረንትን ለውጥ የመቃወም ባሕርይ) አለው። ከፊቱ 10 ማይክሮፋራድ የሴራሚክ ካፓሲተር ካለ ሁለቱ ተባብረው በ50 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይወዛወዛሉ። ሴራሚክ ውዝዋዜን የሚያደክም ውስጣዊ ሬዚስታንስ የለውም ማለት ይቻላልና፣ ቮልቴጁ ከታሰበው ልክ አልፎ በንድፈ ሐሳብ የዝላዩን ያህል በላዩ ሊጨምር ይችላል። ከ12 ወደ 18 ቮልት አዘልላለሁ ብዬ ቁልፉን ስጫን ተርሚናሉ ላይ 22 ቮልት ደርሶ ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ግን ከፍተኛ ገደቡ 20 ቮልት የሆነ ሬጉሌተር ካቃጠልኩ በኋላ ነው። ጭስ አልወጣም፤ ድምፅም አልነበረም፤ ወጪው ዝም ብሎ ከገቢው እኩል ሆነና ከበስተኋላው የነበረውን ቦርድ ይዞት ሄደ። ሽቦዎቹን ወደ 15 ሴንቲሜትር አሳጥሬ ከገመድኳቸውና ከሴራሚኩ ጎን አንድ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ካከልኩ በኋላ ውዝዋዜው ከአንድ ቮልት በታች ወረደ። የኤሌክትሮላይቲኩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ፣ በሌላ ቦታ እንደ ጉድለት የሚቆጠረው፣ እዚህ የሚፈለግ ነገር ነው።

ወጪውን መለካት የራሱ ጣጣ አለው። የሚፈለገው ምልክት ጥቂት ሚሊቮልት ሲሆን አጠገቡ ብዙ ቮልት በማይክሮሰከንድ ውስጥ ይዘላል። ከፕሮቡ የሚንጠለጠለው 10 ሴንቲሜትር ያህል የግራውንድ ሽቦ ራሱ እንደ አንቴና ይሠራል። ማንም ሊያደርገው የሚገባ ቀላል ፈተና አለ፦ የፕሮቡን ጫፍና ግራውንዱን አንድ ነጥብ ላይ፣ ተፈታኙ ግራውንድ ላይ፣ አንድ ላይ አስነክቶ ዝላዩን ማስነሣት። እዚያ ቦታ ላይ ዜሮ መታየት ነበረበት፤ እኔ 30 ሚሊቮልት የሚሆን ሹል ምልክት አየሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት የሬጉሌተሩ ምላሽ ነው ብዬ በጥንቃቄ ስመዘግበው የነበረው ይኸው ሹል ነበር። ረጅሙን ግራውንድ ትቼ ቀጭን ኮአክሲያል ገመድ በቀጥታ ወጪ ካፓሲተሩ ላይ ስበይደው 4 ሚሊቮልት ቀረ፤ ማስታወሻውንም ቀድጄ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ኦሲሎስኮፑን ኤሲ ላይ አድርጎ መለካትም ያሳስታል። በዚህ አቀማመጥ ኦሲሎስኮፑ ከጥቂት ኸርዝ በታች ያለውን ነገር ያጣራል፤ ስለዚህ ወጪው 8 ሚሊቮልት ከፍ ብሎ እዚያው ቢቀር እንኳን ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር በአሥር ሚሊሰከንዶች በሚቆጠር ጊዜ ቀስ እያለ ወደ መሃል ይወርዳል። ለሚያየው ሰው ፓወር ሰፕላዩ ያገገመ ይመስላል፤ ያገገመው ግን ኦሲሎስኮፑ ነው። ዲሲ ላይ አድርጎ የወጪውን ቋሚ ቮልቴጅ፣ ለምሳሌ 5 ቮልት፣ በኦፍሴት (መስመሩን በሚያወርደው ማስተካከያ) መቀነስ ይሻላል፤ ኦሲሎስኮፑ ይህን ያህል ኦፍሴት የማይሰጥ ከሆነ ሁለቱን ልኬቶች አድርጎ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

አሁን መሣሪያው ምን እንዳሳየኝ ልናገር። ወጪው ሊስተካከል በሚችለው ሬጉሌተር በኤልኤም 317 ላይ ነገሩ እንደተጠበቀው ነበር። ይህ ሬጉሌተር በ120 ኸርዝ ላይ የገቢን ሪፕል (በቮልቴጁ ላይ የሚታይ ተደጋጋሚ ሞገድ) በ65 ዴሲቤል አካባቢ ያዳክማል፤ የማስተካከያ እግሩ ላይ 10 ማይክሮፋራድ ሲታሰር ወደ 80 ዴሲቤል ይጠጋል። በሌላ አነጋገር የ1 ቮልት ሪፕል ከግማሽ ሚሊቮልት ትንሽ ወደሚበልጥ መጠን ይወርዳል፤ በካፓሲተሩ ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ሚሊቮልት። ይሁን እንጂ ይህ የማዳከም አቅም ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለታም ዝላይ ደግሞ ብዙ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያዘለ ነገር ነው። ስለዚህ ዝላዩ በዘገየ ጊዜ ምንም ያልታየበት ሬጉሌተር በሞስፌቱ አሠራር ሲመታ በግልጽ ይነቃነቃል።

በስዊቺንግ ኮንቨርተር ላይ ምክንያቱ ሌላ ነው። 12 ቮልትን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር ስዊቹን ከጊዜው 42 በመቶ ያህሉን ያበራዋል፤ ገቢው 24 ሲሆን የሚያስፈልገው 21 በመቶ ነው። ወጪውን ብቻ እያየ የሚቆጣጠር ኮንቨርተር ገቢው መዝለሉን በቀጥታ አያውቅም፤ የሚያውቀው ወጪው ከተበላሸ በኋላ ነው። እስኪያውቅ ድረስ በ42 በመቶው ይቀጥላል፤ በዚህ ልክ ቢቀር ኖሮ ወጪው 10 ቮልት ይሆን ነበር። ኢንዳክተሩና ወጪ ካፓሲተሩ ጊዜ ይገዙለታል። በሞስፌቱ አሠራር ከ12 ወደ 24 ሳዘልለው ወጪው 400 ሚሊቮልት ያህል ከፍ ብሎ ሁለት ጊዜ ተወዛውዞ ተመለሰ፤ ይኸው ቦርድ፣ በዚሁ ጭነት፣ በአምፕሊፋየሩ አሠራር በዝግታ ሲዘል ከ150 ሚሊቮልት አልበለጠም። ስለዚህ የዝላዩ ፍጥነት ያልተጻፈበት የምላሽ ቁጥር ስለ ቦርዱ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። የኢንዳክተሩን ከረንት በየዑደቱ እያየ የሚቆጣጠር ኮንቨርተር ወይም የገቢውን ለውጥ በቀጥታ ወደ መቆጣጠሪያው የሚያስገባ ሰርኪት ያለው ኮንቨርተር ይህን ድንጋጤ በአብዛኛው ያመልጣል፤ ከረንቱ ቶሎ ሲወጣ ስዊቹም ቶሎ ይዘጋልና።

ይህን ሁሉ በሚገባ አየሁ ብዬ ሳበቃ ነው ከሁሉ የከፋውን ያገኘሁት፤ ያገኘሁትም ወደ ላይ ሳዘልል ሳይሆን ወደ ታች ወርጄ ስመለስ ነው። 5 ቮልት የሚያወጣ፣ በገቢና በወጪ መካከል ትንሽ ልዩነት የሚበቃው ሬጉሌተር ነበር። ገቢውን ወደ 4.5 ቮልት አውርጄ 10 ሚሊሰከንድ አቆየሁት። ወጪው ተከትሎ ወደ 4.4 ወረደ፤ ሬጉሌተሩ ያጣውን ለማካካስ ማለፊያ ትራንዚስተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ከዚያ ገቢው ወደ 8 ሲመለስ በሩ ገና ወለል ብሎ ነበር፤ መቆጣጠሪያው ከገባበት ሙሌት እስኪወጣ ድረስ ወጪው ወደ 5.6 ቮልት ዘለለ። ከኋላው ያለው ቺፕ የሚሸከመው 5.5 ከሆነ ታሪኩ የታወቀ ነው።

ከዝላዩ ከፍታ ይልቅ ያሳሰበኝ ቆይታው ነው። በግማሽ አምፔር ጭነት ላይ ትርፉ 0.6 ቮልት በ10 ማይክሮፋራዱ ወጪ ካፓሲተር ላይ በ12 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ተበልቶ ያልቃል፤ ለማየትም ያስቸግራል። ጭነቱ 1 ሚሊአምፔር ሲሆን ግን ካፓሲተሩን የሚያራግፈው ነገር ስለሌለ 6 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ሬጉሌተሩ ወጪውን ወደ ላይ መግፋት ይችላል እንጂ ወደ ታች መሳብ አይችልም። ሰዎች ግን ልማዳቸው ከባዱን ሁኔታ በሙሉ ጭነት መፈለግ ነው፤ በሙሉ ጭነት ብቻ የፈተነ ሰው ይህን ጨርሶ አያየውም፤ ቦርዱም በሚያርፍበት፣ ፕሮሰሰሩ በሚያንቀላፋበት ሰዓት ይሞታል። መሣሪያው የተገዛበትን ዋጋ የመለሰልኝ በዚህ ፈተና ነው፤ ገቢውን ከሬጉሌተሩ አቅም በታች አውርዶ፣ በዚያ የፈለግኩትን ያህል አቆይቶ፣ በፈለግኩት ፍጥነት መመለስ ይችላልና። በጥቂት ሚሊቮልት ብቻ እያነቃነቁ የፍሪኩዌንሲ ምላሽ የሚለኩ ትንንሽ አዋኪዎች ለሌላ ጉዳይ ጥሩ ናቸው፤ መቆጣጠሪያው ሥልጣኑን የሚያጣበትን ይህን ቦታ ግን አይደርሱበትም።

በሜኑው ውስጥ ስለተዘጋጁት የተሽከርካሪ ፈተናዎችም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከመካከላቸው አንዱ የሎድ ደምፕ ስም ተሰጥቶታል፤ ይኸውም አልተርኔተሩ ባትሪ እየሞላ ሳለ የባትሪው ገመድ ሲላቀቅ የሚፈጠረው ከፍታ ነው። የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች መስፈርት የሆነው አይኤስኦ 16750-2 ለ12 ቮልት ተሽከርካሪ ያልተገደበውን ዓይነት ከ79 እስከ 101 ቮልት፣ ከ40 እስከ 400 ሚሊሰከንድ አድርጎ ያስቀምጠዋል። 60 ቮልት ላይ የሚያበቃ መሣሪያ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ የሚያደርገው በ35 ቮልት ላይ የተገደበውን ዓይነት ነው፤ ሜኑው ግን ይህን ልዩነት አይጽፍም። ሞተር ሲነሣ የሚከሰተውን የባትሪ መውረድ ግን በደንብ ያስመስላል፤ ከላይ የተናገርኩት የመውረድና የመመለስ ችግር በተሽከርካሪ ውስጥ በየቀኑ የሚከሰተውም በዚሁ ሰዓት ነው። የመብራት መስመር ላይ የሚሰካን ፓወር ሰፕላይ በአይኢሲ 61000-4-11 መስፈርት መሠረት ለመፈተን የሚፈልግ ሰው ሌላ ዕቃ ይፈልግ፤ እዚያ የሚለካው በዑደት የሚቆጠር መውረድ ነው፤ ለምሳሌ በ50 ኸርዝ ለ25 ዑደት ወደ 70 በመቶ መውረድ፤ ለዚያ ደግሞ ኤሲ ምንጭ ያስፈልጋል።

አንድ ጊዜ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ተናወጠብኝ። ተርሚናሉ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በተለየ ሽቦ እያነበበ የሚያርምበት አሠራር አለው፤ ይህን አብርቼ በ12 ቮልት 24 ዋት የሚበላ ኮንቨርተር ስሰካ ምንም ዝላይ ሳላዝዝ ገቢው በራሱ መወዛወዝ ጀመረ። ስዊቺንግ ኮንቨርተር ቮልቴጁ ሲጨምር የሚስበውን ከረንት ይቀንሳል፤ ለምንጩ እንደ ኔጌቲቭ ሬዚስታንስ ይታያል፤ በዚህ ሁኔታ ኔጌቲቭ 6 ኦም። የኃይል ኤሌክትሮኒክስ ተመራማሪው ሚድልብሩክ በ1976 ስለ ገቢ ፊልተር ባቀረበው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከኮንቨርተሩ በፊት ያለው ነገር ኢምፒዳንሱ (ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ) ከዚህ ቁጥር በእጅጉ ማነስ አለበት። ረጅም ሽቦና የዘገየ አራሚ ያለው መፈተኛም ለኮንቨርተሩ ከፊልተር የተለየ ነገር አይደለም። የማንበቢያ ሽቦዎቹን ነቅዬ፣ ዋናዎቹን አሳጥሬ ቆመ፤ የመመሪያው መጽሐፍ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳን የለውም።

በስዊቺንግ ኮንቨርተርና በተሽከርካሪ ቦርድ ላይ ለሚሠራ፣ ኦሲሎስኮፑን በሚገባ ለሚያውቅ ሰው መሣሪያውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ቁልፍ ተጭኖ ሪፖርት ለማተም ለሚፈልግ አልመክርም። እኔ በስክሪኑ ላይ የለውጥ ፍጥነት የሚጻፍባትን ማዕዘን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኛታለሁ፤ አንዱ ፕሮብም ገቢው ተርሚናል ላይ ተበይዶ ቀርቷል፤ ለሌላ ሥራ ኦሲሎስኮፑን ስፈልግ ሦስተኛውን ቻናል እጠቀማለሁ።